በአሥር ሽምብራ የሚጻፍ ቃል

(የመግቢያ ዜማ፤ ቀስ እያለ ይጠፋል።)

ልጆች፣ ዛሬ ወሬያችንን ከመጀመራችን በፊት አንድ ድምፅ ላሰማችሁ ነው። ሬዲዮኑን ከፍ አድርጉት። አጠገባችሁ የሚንጫጫ ታናሽ ካለ ለአንድ አፍታ ጸጥ እንዲል ለምኑት።

(ማይክሮፎኑ ወደ ወረቀቱ ይጠጋል። ጣት በወፍራም ወረቀት ላይ ሲሄድ የሚሰማ ቀጭን ድምፅ፤ 6 ሰከንድ።)

ሰማችሁ? ጤፍ በወንፊት ሲነፋ ከሩቅ የሚሰማውን ይመስላል። የጣቴ ድምፅ ነው። አሁን የምነግራችሁን ሁሉ ከወረቀት ላይ እያነበብኩ ነው፤ የማነበው ግን በሁለቱ አመልካች ጣቶቼ ነው። ዓይነ ስውር ነኝ። ወረቀቱ ላይ ጠብታ ቀለም የለም፤ የሚያይ ሰው ከሩቅ ቢመለከተው ምንም ያልተጻፈበት ይመስለዋል። ቀረብ ብሎ ቢዳስሰው ግን ጥቃቅን እብጠቶች ያገኛል፤ እያንዳንዷ የጤፍ ፍሬ ብታክል ነው። እነዚያ እብጠቶች ፊደሎች ናቸው። ይህ አጻጻፍ ብሬል ይባላል፤ የዛሬው ጨዋታችንም ስለ እሱ ነው።

አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። ቤት ውስጥ ሽምብራ ካለ እናታችሁን አስፈቅዳችሁ አሥር ፍሬ አምጡ። ሽምብራ ከሌለ ባቄላም ይሆናል፣ ጠጠርም ይሆናል። እስክንፈልገው አጠገባችሁ ይቀመጥ።

እስከዚያ ልጆች ባገኙኝ ቁጥር የሚጠይቁኝን ልመልስ። ትልልቅ ሰዎች ይህን መጠየቅ ያፍራሉ፤ ልጆች ግን ፊት ለፊት ይጠይቁኛል፣ እኔም ደስ ይለኛል። «እትዬ፣ የሚታይዎት ጨለማ ነው?» ይሉኛል። መልሱ ለሁሉም ዓይነ ስውር አንድ አይደለም። ብርሃንና ጥላን የሚለዩ አሉ። ነገሩ ሁሉ ጉም ውስጥ እንዳለ የሚደበዝዝባቸው አሉ። እኔ በስድስት ዓመቴ ኩፍኝ ይዞኝ ነው ዓይኔ የጠፋው። ዛሬም ፊቴን ወደ መስኮት ሳዞር ፀሐይ መኖሯን አውቃለሁ፤ ከዚያ ያለፈ አይታየኝም። ከተወለዱ ጀምሮ አይተው የማያውቁ ጓደኞቼ ደግሞ ጨለማን የሚያውቁት በወሬ ነው። እስቲ እኔም ልጠይቃችሁ፤ በክርናችሁ ምን ይታያችኋል? ጥቁር ነገር? አይደለም። ምንም አይታያችሁም። እንደዚያ በሉት።

ዓይን የሚታመምበት ምክንያት ብዙ ነው። በ1998 ዓ.ም. ገደማ በመላ አገራችን በተደረገ ጥናት፣ ከዓይነ ስውራኑ ግማሽ ያህሉ ዓይናቸውን ያጡት በዓይን ሞራ እንደነበር ታውቋል። ሞራ በቀዶ ሕክምና ይወገዳል፤ አያታችሁ ዓይናቸው ከደበዘዘ «እርጅና ነው» ተብሎ መታለፍ የለበትም። ትራኮማም አለ። በዝንብ፣ በእጅና በጋራ ፎጣ ከልጅ ወደ ልጅ ይተላለፋል፤ ዓመታት ሲደጋገም የዓይን ቆብ ወደ ውስጥ ይታጠፍና ሽፋሽፍቱ ዓይንን ይቧጭራል። ጠዋት ፊታችሁን ታጠቡ የምትባሉት ለወግ ብቻ አይደለም። ኩፍኝን በክትባት መከላከል ይቻላል፤ እኔ ልጅ ሳለሁ ክትባቱ እኛ መንደር አልደረሰም ነበር።

ዓይኔ ከጠፋ በኋላ እናቴ በጣም ተጨነቀች። ጎረቤቱ «ቤት ትዋል እንጂ ሌላ ምን ትሆናለች» ይላል። እጄን ይዛ ትምህርት ቤት ብትወስደኝ «ዓይነ ስውር በምን እናስተምራለን?» ብለው መለሱን። ያን ቀን ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱን ሙሉ አላናገረችኝም። በነጋታው ግን ሰፌድ ሙሉ ምስር አምጥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችና «በይ ጠጠሩን ልቀሚልኝ» አለችኝ።

የመጀመሪያው ቀን ሁሉም አንድ ሆነብኝ። ጠጠሩንም ምስሩንም አጥብቄ እየያዝኩ በጥፍሬ እየጫንኩ ነበር የምለየው፤ ጣቴ ደነዘዘ። ቀናት ሲያልፉ አንድ ነገር ገባኝ። ስጫነው ልዩነቱ ይጠፋብኛል። ጣቴን ዘና አድርጌ ሰፌዱ ላይ ሳንሸራትት ግን ምስሩ ራሱ ይናገራል፤ ጠርዙ ቀጠን፣ መሐሉ ሞላ፣ ገላው ለስለስ ያለ ነው። ጠጠር ማዕዘን አለው፣ ቀዝቀዝም ይላል። ከዚያ ወዲያ እናቴ ምስሩን ደግማ ሳትለቅም ድስት ውስጥ ትጨምረው ጀመር። ያ እምነቷ እስከ ዛሬ ድረስ ልቤን ያሞቀዋል።

ኋላ ላይ የዓይነ ስውራን አዳሪ ትምህርት ቤት ገባሁ። የመጀመሪያዋ መምህሬ አመልካች ጣቴን ይዘው ወረቀት ላይ አሳረፉልኝና «አትጫኚ፣ አንሸራትቺው» አሉኝ። ሰፌዱ ትዝ አለኝ። እኔ ሳላውቅ እናቴ የመጀመሪያውን ትምህርት አስተምራኝ ኖሯል።

የጣት ንባብ ሁሉ ምሥጢሩ እዚያ ነው። ጣታችሁን አንድ እብጠት ላይ አሳርፋችሁ ብታቆሙት፣ ትንሽ ቆይቶ ቆዳው ይለምደውና ነገሩ ይደበዝዛል። ጣት የሚያነበው ሲሄድ ነው። እኔ በሁለት እጄ ነው የማነበው፤ ቀኝ እጄ መስመሩን ሲጨርስ ግራ እጄ ቀድሞ የሚቀጥለውን መስመር መጀመሪያ አግኝቶ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ነው ድምፄ በየመስመሩ መጨረሻ የማይቆራረጠው። ጠላታችን ብርድ ነው። ብርድ ጣትን ያደነዝዛል፤ በአዳሪ ትምህርት ቤታችን የጥቅምት ጠዋት ሁላችንም ከንባብ በፊት እጃችንን ብብታችን ውስጥ አድርገን እናሞቅ ነበር። መምህራችንም ይጠብቁናል፤ ቀዝቃዛ ጣት ይዞ የመጣን ልጅ «ለምን አላነበብክም?» አይሉትም።

ስለ አእምሯችንም አንድ የሚደንቅ ነገር ልንገራችሁ። የምናየውን ነገር የሚመረምረው የአእምሮ ክፍል የሚገኘው ከጭንቅላታችን በስተ ኋላ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1996 የወጣ አንድ ጥናት፣ በልጅነታቸው ዓይናቸውን ያጡ ሰዎች ብሬል ሲያነቡ ይኸው ለማየት የተመደበው ክፍል ሥራ ላይ እንደሚሆን አሳየ። ዓይን ባይልክለትም ክፍሉ ሥራ ፈትቶ አይቀመጥም፤ ጣት የሚልከውን ተቀብሎ ያነባል።

(አጭር የክራር ዜማ።)

አሁን ወደ ፈረንሳይ አገር ልውሰዳችሁ። ከፓሪስ በስተ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ኩቭሬ የምትባል መንደር አለች። እዚያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጃንዋሪ 4 ቀን 1809 ሉዊ ብሬል የሚባል ልጅ ተወለደ። አባቱ የፈረስ ኮርቻና ልጓም ይሠሩ ነበር። የቆዳ ሥራ ባለበት ቤት ወስፌ አይጠፋም። ስፌት የምትሰፋ እናት ያለቻችሁ ልጆች ወስፌን ታውቁታላችሁ፤ ሹል ነው፣ እጀታ አለው፣ «እንዳትነኩ» ትባላላችሁ። ሉዊ ሦስት ዓመቱ ነበር። አባቱ ዘወር ሲሉ ወስፌውን አነሣና እንደሳቸው ቆዳ ሊበሳ ሞከረ። ወስፌው ተንሸራቶ ዓይኑን ወጋው። ቁስሉ አመረቀዘ፤ ሕመሙ ወደ ሁለተኛው ዓይኑም ተሻገረ። አምስት ዓመት ሲሆነው ምንም አያይም ነበር።

ወላጆቹ ግን ደብቀው አላስቀመጡትም። ከመንደሩ ልጆች ጋር ትምህርት ቤት ሄደ፤ እየሰማ ተማረ። በአሥር ዓመቱ ፓሪስ ወደሚገኘው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ገባ። ያንን ትምህርት ቤት የመሠረቱት ቫለንቲን አውዪ የሚባሉ ሰው ነበሩ። መጻሕፍትም አሠርተው ነበር፤ የተለመደውን የላቲን ፊደል ወረቀቱ ላይ እንዲያብጥ አድርገው። መልካም ሐሳብ ነበር፣ ግን ችግር ነበረበት። የዓይን ፊደል ለዓይን ነው የተሠራው። ጣት እያንዳንዱን ጥምዝ፣ እያንዳንዱን እግር እየተከተለ ሲዞር አንድ ቃል ለመጨረስ ብዙ ጊዜ ይፈጃል። መጻሕፍቱ ግዙፍና ከባድ ነበሩ፤ ብዛታቸውም ጥቂት ነበር። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ተማሪዎቹ ማንበብ እንጂ መጻፍ አይችሉም። ደብዳቤ ለእናቱ መላክ የፈለገ ልጅ የሚጽፍለት ሰው መለመን ነበረበት።

ሻርል ባርቢዬ የሚባሉ የቀድሞ የጦር መኮንን ሌላ ሐሳብ ነበራቸው፤ ያለ ብርሃን የሚነበብ፣ በነጥብ የሚጻፍ ጽሕፈት። በ1821 ወደ ሉዊ ትምህርት ቤት አመጡት። ነጥብ! ጣት ነጥብን ወዲያው ያውቃል፤ ተማሪዎቹ ተደሰቱ። ነገር ግን ለአንድ ምልክት እስከ 12 ነጥብ ይፈልጋል፤ ስድስት ስድስት ሆነው በሁለት ዓምድ የተደረደሩ። ያ ሁሉ በአንድ የጣት ጫፍ ሥር አይገባም። ነጠላ ሰረዝ የለውም፣ ትክክለኛውን የቃል አጻጻፍም አያሳይም። ሉዊ ያኔ ገና የ12 ዓመት ልጅ ነበር። ሌሊትና የዕረፍት ጊዜውን እየሠዋ ሦስት ዓመት ደከመበት። የ12ቱን ነጥብ ቁመት በግማሽ ቆርጦ ስድስት አደረገው። በ15 ዓመቱ፣ በ1824፣ ሥራው አለቀ። በ1829 በመጽሐፍ አወጣው።

እዚህ ላይ ቆም እላለሁ፤ 15 ዓመት የሞላችሁ ወይም የተጠጋችሁ ታዳምጡኛላችሁና። ዛሬ በመላው ዓለም የምንጠቀምበትን ጽሕፈት የፈጠረው በእናንተ ዕድሜ የነበረ ዓይነ ስውር ልጅ ነው። ዓይናሞቹ አዋቂዎች ለዓይነ ስውራን የሚያምር ፊደል ሠርተው ነበር፤ የሚነበብ ፊደል የሠራው ግን ራሱ አንባቢው ነው።

ሉዊ አድጎ እዚያው መምህር ሆነ፤ በቤተ ክርስቲያንም ኦርጋን ይጫወት ነበር። ትምህርት ቤቱ ግን ጽሕፈቱን ቶሎ አልተቀበለለትም። ከልክሎት የነበረበት ጊዜ ሁሉ አለ፤ ተማሪዎቹ ተደብቀው በብሬል ይጻጻፉ ነበር። ሉዊ በሳንባ ነቀርሳ ታሞ ጃንዋሪ 6 ቀን 1852፣ 43 ዓመት በሞላው በሁለተኛው ቀን ሞተ። ፈረንሳይ ጽሕፈቱን በይፋ የተቀበለችው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1854 ነው። ይህን ሳስብ ሁሌም ያሳዝነኛል። ጃንዋሪ 4፣ የልደቱ ቀን፣ አሁን የዓለም የብሬል ቀን ነው።

በሉ ሽምብራችሁን አቅርቡ።

ጠረጴዛ ወይም ምንጣፍ ላይ ስድስት ሽምብራ ደርድሩ፤ ሦስት ወደ ታች በግራ፣ ሦስት ወደ ታች በቀኝ። የክብሪት ቀፎ ቆሞ ይመስላል። በግራ ያሉትን ከላይ ወደ ታች አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብላችሁ ጥሯቸው። በቀኝ ያሉትን አራት፣ አምስት፣ ስድስት። ይህ የብሬል ቤት ነው። እውነተኛው ከዚህ በጣም ያንሳል፤ ሙሉው ቤት በጣታችሁ ጫፍ ሥር ይገባል።

ከስድስቱ አንዳንዱን ስታነሡ፣ አንዳንዱን ስትተዉ ልዩ ልዩ ቅርፅ ይወጣል። ስንት ቅርፅ? ሂሳብ የምትወዱ አስቡት። እያንዳንዱ ሽምብራ ወይ አለ ወይ የለም፤ ሁለት ምርጫ። ሁለትን ስድስት ጊዜ ስናባዛ 64 ይመጣል። አንዱ ባዶ ቤት ስለሆነ የሚዳሰሱት ቅርፆች 63 ናቸው።

ለፈረንሳይኛ 63 ይበቃል፤ ይተርፋልም። እኛ ግን ችግር አለብን። ከ«ሀ» እስከ «ፐ» 33 ፊደል አለን፤ እያንዳንዱ ሰባት ቤት አለው። 33 በ7 ሲባዛ 231! በ63 ቅርፅ 231 ፊደል እንዴት ይጻፋል?

መፍትሔው ፊደሉን ከፍሎ መጻፍ ነው። «በ፣ ቡ፣ ቢ፣ ባ» ስትሉ ከንፈራችሁን አስተውሉ። አጀማመሩ አንድ ነው፣ ከንፈር ይገጥማል። የሚለያየው የሚከተለው ድምፅ ነው። በቀለም ስትጽፉ «በ» ላይ ትንሽ ጭረት ጨምራችሁ «ቡ» ታደርጉታላችሁ። በብሬል ግን መጀመሪያ የ«ብ» ድምፅ ይጻፋል፣ ከዚያ በሚቀጥለው ቤት የ«ኡ» ድምፅ ይከተላል። እንግዲህ በአሥር ሽምብራ አንድ ቃል እንጻፍ።

የመጀመሪያው ቤት፤ አንድ እና ሁለት። ከግራው ዓምድ ከላይ ሁለቱ ናቸው። ይህ «ብ» ነው። ከሱ ቀጥሎ ትንሽ ቦታ ትታችሁ ሁለተኛውን ቤት ሥሩ፤ አንድ፣ ሦስት እና ስድስት። ይህ «ኡ» ነው። ሁለቱ ሲገጥሙ «ቡ»። ሦስተኛው ቤት፤ አንድ፣ ሦስት፣ አራት እና አምስት። ይህ «ን» ነው። አራተኛው ቤት፤ አንድ ብቻዋን፣ ግራ ከላይ። ይህች «ኣ» ናት። ሁለቱ ሲገጥሙ «ና»።

(የሲኒ መንኳኳት፤ ቡና ከጀበና ሲቀዳ።)

ቡና! ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አንድ፤ አሥሩም ሽምብራ አለቀ። ዓይናችሁን ጨፍኑና በጣታችሁ ከግራ ወደ ቀኝ ሂዱበት። ጣታችሁ መጀመሪያ ግራ ቢጋባ አትዘኑ፤ እኔም ምስርና ጠጠር መለየት ቀናት ፈጅቶብኛል።

መጻፉ ደግሞ ሌላ ድምፅ አለው።

(ታክ፣ ታክ፣ ታክ፤ ወፍራም ወረቀት ሲበሳ።)

ይህ ስሌትና ስታይለስ ነው። ስሌት በማጠፊያ የተያያዙ ሁለት ሳንቃዎች ናቸው፤ ላይኛው ረድፍ በረድፍ ትንንሽ መስኮቶች አሉት። ወረቀቱን መሐላቸው አስገብተን፣ ስታይለስ በሚባለው ሹል ነገር በየመስኮቱ ነጥቡን እንጫናለን። ስታይለስ እጀታ ያለው አጭር ወስፌ በሉት፤ ሉዊን ዓይኑን ያሳጣው መሣሪያ ታናሽ ወንድም ነው። ወረቀቱን የምንጫነው ከጀርባው ስለሆነ እብጠቱ የሚወጣው በወዲያኛው በኩል ነው። ስለዚህ ከቀኝ ወደ ግራ፣ እያንዳንዱንም ቅርፅ ገልብጠን እንጽፋለን፤ ወረቀቱ ሲገለበጥ ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል። አረብኛ የምትጽፉ ልጆች እጃችሁ ይህን አቅጣጫ ያውቀዋል። ፐርኪንስ የሚባል መኪናም አለ፤ ስድስት ቁልፎች አሉት፣ ለእያንዳንዱ ነጥብ አንድ አንድ። የምንፈልገውን በአንድ ጊዜ እንደ ፒያኖ እንጫናለን። ፐርኪንስ ይፈጥናል፤ ግን ውድ ነው፣ ከባድም ነው። እኔ በስሌት ነው የተማርኩት፣ ጆሮዬም አሁን ድረስ የ30 ልጆች ታክታክታ ያለበትን ክፍል ይናፍቃል።

አንዳንድ ሰው «ሬዲዮ አለ፣ የሚናገር ስልክ አለ፣ ብሬል ለምን ያስፈልጋል?» ይለኛል። ይህን ጥያቄ በጥንቃቄ ነው የምመልሰው፤ ብዙ ዓይነ ስውር ልጆች በዚህ ምክንያት ብሬል ሳይማሩ ያድጋሉና።

በጆሮ መማር ትልቅ ነገር ነው። በአገራችን በአብነት ትምህርት ቤት የቃል ትምህርት የሚባል አለ፤ ዳዊቱን፣ ዜማውን፣ ቅኔውን በጆሮ ሰምተው በልባቸው የያዙ፣ ኋላም ወንበር ዘርግተው ዓይናማ ተማሪዎችን ያስተማሩ ዓይነ ስውራን ሊቃውንት ነበሩን፣ አሉንም። እነሱን ሳስብ ኮራ እላለሁ። እኔም ስልኬ ያነብልኛል፤ በየቀኑ እጠቀምበታለሁ።

ግን ይህን አድምጡ። አማርኛችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን በጽሑፍ አይለይም። አንድ ዐረፍተ ነገር ልበላችሁ። «ገና (ላልቶ) አልመጣም።» ምን ማለት ነው? አንድ ሰው እስካሁን አልደረሰም። አሁን ደግሞ፤ «ገና (ጠብቆ) አልመጣም።» በዓሉ አልደረሰም፤ ዶሮውም አልተገዛ። ወረቀት ላይ ሁለቱ አንድ ዓይነት ናቸው። ሌላ ሰው ሲያነብልኝ፣ ወይም ስልኬ ሲያነብልኝ፣ ማላላቱንና ማጥበቁን እሱ መርጦልኛል። ከተሳሳተም ስሕተቱን ይዤ እሄዳለሁ። በጣቴ ሳነበው ግን ሁለቱም ትርጉም እጄ ላይ ነው። ወደ ኋላ እመለሳለሁ፣ ያለፈውን ዐረፍተ ነገር እዳስሳለሁ፣ ቆም ብዬ አስባለሁ፣ ከዚያ እኔው እወስናለሁ። ማንበብ ማለት ለእኔ ይህ ውሳኔ ነው። ሲነበብልኝ አዳማጭ ነኝ፤ አዳማጭ መሆን አያስከፋም፣ እናንተም አሁን አዳማጮች ናችሁ። ግን ዕድሜ ልኩን አዳማጭ ብቻ ሆኖ እንዲቀር የተፈረደበት ልጅ ያሳዝነኛል። ፊደል ሲገድፍ፣ ቃል ከቃል ሲያጣብቅ፣ አራት ነጥብ የት እንደሚገባ ሳያውቅ ሲቀር «ሰነፍ ነው» ይሉታል። ፊደል መቼ ነክቶ ያውቃል?

ብሬል ቦታ ይወስዳል፣ አልደብቃችሁም። ቦርሳችሁ ውስጥ ያለው አንድ የመማሪያ መጽሐፍ በብሬል ሲታተም ብዙ ወፋፍራም ጥራዞች ይሆናል። እኛ ክፍል አንዱን ጥራዝ ለሦስት እናነበው ነበር፤ አንዷ ስታነብ ሁለታችን ወረፋ እንጠብቃለን። ጥሩ ነገሩ መብራት አለመፈለጉ ነው። ማታ አስተዳዳሪዋ መብራት አጥፍተው ከሄዱ በኋላ ጥራዙን ብርድ ልብስ ውስጥ ይዤ እገባ ነበር። በሆዴ ላይ ዘርግቼ፣ እጄ እየሞቀ፣ ታሪኩ ሳያልቅ እንቅልፍ ይወስደኛል፤ ጠዋት ነጥቦቹ ክንዴ ላይ ታትመው አገኛቸዋለሁ።

ሰበታ ያለው የመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ብዙ ልጆችን በብሬል አስተምሯል። ሻሸመኔም የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት አለ። እዚያ ከተማሩት አንዷ የትነበርሽ ንጉሤ ናት። ወሎ ሳይንት ተወለደች፤ በአምስት ዓመቷ ዓይኗን አጣች። በሻሸመኔ ተምራ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሕግ አጠናች። ጠበቃ ሆና ለአካል ጉዳተኞች መብት ስትሟገት በ2017 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ራይት ላይቭሊሁድ የሚባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበለች። ዛሬ ብዙ ዓይነ ስውር ልጆች ከሚያዩ ልጆች ጋር በአንድ ክፍል ይማራሉ፤ ምናልባት በእናንተም ክፍል ውስጥ አንድ ይኖራል።

ካለ ጥቂት ነገር ልንገራችሁ። ስታገኙት ስማችሁን ንገሩት። «እስቲ ማን ነኝ? ገምት!» አትበሉት፤ የስንቱን ድምፅ ይያዘው? መንገድ ስታሻግሩት እጁን ይዛችሁ አትጎትቱ፤ ክርናችሁን አቅርቡለትና እሱ ይያዝ፣ ግማሽ እርምጃ ቀደም ብላችሁ ሂዱ። ነጭ በትሩን ሳትጠይቁ አታንሡ፤ ያ በትር መንገዱን የሚነግረው እሱን ነው። «ምስኪን» አትበሉት። እኔን አንድ ጊዜ ታክሲ ስጠብቅ አንዲት እናት «እግዜር ይማርሽ» ብለው መዳፌ ውስጥ ሳንቲም አስቀመጡ። በቅን ልቦና ነው፣ አውቃለሁ። ግን ያን ቀን ከሥራ እየወጣሁ ነበር፤ እጄም ክፍት የነበረው ዝናብ መጀመሩን ለማወቅ ነበር። እንደሚያሳዝን ሳይሆን እንደ ጓደኛ ያዙት። አብራችሁ ሩጡ፣ አብራችሁ ተጣሉ፣ አብራችሁ ታረቁ።

(የመውጫው ዜማ ከሩቅ ይጀምራል።)

ልሰናበታችሁ ነው፤ ግን ሽምብራውን ገና ድስት ውስጥ እንዳትከቱት። አንድ የቤት ሥራ አለ። አንድ አዲስ ፊደል ልጨምርላችሁ፤ አንድ፣ ሁለት እና ሦስት፣ የግራው ዓምድ በሙሉ፣ «ል» ነው። አሁን የምሰጣችሁን ቃል ደርድሩና ለሚያይም ለማያይም ሰው አስዳስሱት። ቃሉ አራት ቤት አለው። ቀስ ብዬ ነው የምናገረው፤ እርሳስ ያላችሁ ጻፉ።

የመጀመሪያው ቤት፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

ሁለተኛው ቤት፤ አንድ ብቻዋን።

ሦስተኛው ቤት፤ አንድ እና ሁለት።

አራተኛው ቤት፤ አንድ ብቻዋን።

ሰባት ሽምብራ ይበቃዋል። ፍንጭ ከፈለጋችሁ፤ ዶሮ ብዙ አላት፣ እኛ አንድም የለንም። መልሱን ሳምንት በዚሁ ሰዓት እነግራችኋለሁ።

(ዜማው ከፍ ይላል።)